የሚቃወም የለም አይደል?

የኮንዶሚኒየም ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ጥያቄ በቃሉ ይዞታል። ሰብሳቢው ወረቀቱን አጣጥፎ፣ ሰዓቱን አየት አድርጎ፣ «የሚቃወም የለም አይደል?» ይላል። መልሱን ይዞ የመጣ ጥያቄ ነው። ከኋላ ሁለት ሦስት ሰው ያጉረመርማል፤ ከፊት ያሉት ያጨበጭባሉ፤ ጸሐፊው አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። ከቀናት በኋላ ማኅተም አርፎበት በየብሎኩ መግቢያ የሚለጠፈው ወረቀት «ተሰብሳቢው በሰፊው ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል» ይላል። ያጉረመረሙት ሰዎች ደረጃ ሲወጡ ያነቡታል።

ይህን አሠራር የሚደግፉ ሰዎች ተንኮለኞች ናቸው ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ እሑዳቸውን ያለ ክፍያ ለግቢው የሚሰጡ፣ ፓምፕ ሲቃጠል በሌሊት የሚጠሩ፣ ስድብ ጠግበው የሚያድሩ የኮሚቴ አባላት ናቸው። ክርክራቸውም በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። አብረን የምንኖር ሰዎች ነን ይላሉ፤ ደረጃችን አንድ፣ ሮቷችን አንድ፣ ልጆቻችን የሚጫወቱበት ሜዳ አንድ። ማን እጁን እንዳወጣና ማን እንደከለከለ በመዝገብ ማስፈር ቂም ማስቀመጥ ነው። ቃለ ጉባኤ የተስማማንበትን ይያዝ፣ የተጨቃጨቅንበትን ነፋስ ይውሰደው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ተብሎ የለ?

እኔ ደግሞ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያቃቅረው ያልተጻፈው ተቃውሞ ነው እላለሁ። ድምፅ ሲያከራክር ክርክሩ እዚያው፣ ሰው ሳይበተን ይፈታ። የተቆጠረው ቁጥር፣ የቀረበው ተቃውሞና ሰብሳቢው የሰጠው ውሳኔ በዕለቱ ይጻፍ። «ለሰላም ሲባል» ተብሎ የሚዘለል ነገር ሁሉ ሰላሙን አያገኝም፤ ቀኑን ብቻ ይለውጣል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የቤት ባለቤቶችን ማኅበር ከእድር ጋር የሚያምታቱ ብዙ ናቸው፤ አነጋገራቸውም፣ አመራራቸውም ከእድር የተወረሰ ነው። እድር ግን ያልተስማማው ሰው መዋጮውን አቁሞ የሚወጣበት፣ ሲያሻው ሌላ እድር የሚገባበት ነው። ከቤት ባለቤቶች ማኅበር ቤቱን ሳይሸጥ የሚወጣ የለም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤትነቱን ለሁለት ከፍሎታል፦ ከበር ወዲህ ያለው የግል ነው፤ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢውና የጋራ መገልገያው ሕንፃ ደግሞ የሁሉም። ይህን የሁሉም የሆነውን ማኅበሩ ያስተዳድራል፤ አባልነቱም ከቤቱ ጋር የመጣ ነው። መውጫ በሌለበት ቤት ውስጥ በድምፅ የተሸነፈ ሰው የቀረችው ነገር «አልተስማማሁም ነበር» የምትል አንድ መስመር ናት። እሷንም እንነጥቀዋለን።

ገርጂ ላይ በሙከራ ከተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ወዲህ ሃያ ዓመት አልፏል። ጀሞ፣ ጎተራ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እያለ ከተማው በብሎክ ቁጥር የሚጠራ ሰፈር ሆኗል። በእነዚህ ሰፈሮች የሚወሰነው ጉዳይ የጥበቃ ደመወዝ ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ ግቢውን ዞር ብሎ ይመልከት። እንጀራ ሊጋገርበት፣ በግ ሊታረድበት፣ ለሐዘንና ለሠርግ ሊሆን ታስቦ የተሠራው የጋራ መገልገያ ሕንፃ በስንቱ ቦታ ለንግድ ተከራይቶ ይታያል። የመኪና ማቆሚያው ይከራያል፤ የአጥሩ ጥግ ለኮንቴይነር ሱቅ ይሰጣል። ፎቁ ረዘም ባለው የ40/60 ሕንፃ ደግሞ ሊፍቱን ማን ይጠግን፣ መሬት ላይ ያለው ሱቅ ለሊፍት ይክፈል ወይስ አይክፈል የሚለው አለ። እነዚህ የገንዘብ ጉዳዮች ናቸው። ገንዘብ ባለበት ቦታ ደግሞ ሁሉም ሰው በሁሉም ነገር ሁልጊዜ ተስማምቷል የሚል መዝገብ ራሱን ያጋልጣል።

እንበል ማኅበሩ 120 ቤት አለው። በመጀመሪያው ጥሪ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም፤ በሁለተኛው ጥሪ 47 ሰው መጣ። የጋራ ሕንፃው ለአምስት ዓመት ይከራይ ተብሎ እጅ ወጣ። ሰብሳቢው 26 ቆጠረ። ከኋላ የቆሙት «22 ነው፣ ደግመህ ቁጠር» አሉ። በ26 ያልፋል፣ በ22 ይወድቃል። ከወጡት እጆች ውስጥ ለአንድ ቤት ባልም ሚስትም ያወጡት አለ፤ የተከራይ እጅ አለ፤ «ወንድሜ አሜሪካ ነው፣ ወክሎኛል» ብሎ ወረቀት ሳይዝ የመጣ አለ። ፀሐዩ ከርሯል፣ የቅዳሴው ሰው ቁርስ አልቀመሰም። አንድ ሽማግሌ ተነስተው «ልጆች፣ በዚህ ምን ያጣላናል፣ እንለፈው» ይላሉ። ጭብጨባ። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው 26ም አይደለም፣ 22ም አይደለም፤ «በሙሉ ድምፅ» ነው።

እዚህ ላይ የተበደለው ማን እንደሆነ ልብ ይሏል። ተቃዋሚው በድምፅ ቢሸነፍ ኖሮ የተሸነፈ ሰው ይሆን ነበር፤ ይህ በስብሰባ ያለ ነው። አሁን ግን የተስማማ ሰው ተደርጓል። ስሙን ሳይጠየቅ ላልፈለገው ነገር አዋሉት። ሽንፈት ያልፋል፤ ይህ ግን አያልፍም። በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳው የጥበቃ ዩኒፎርም ቢሆን እንኳ ያ ሰው ተነስቶ ስለ ሕንፃው ኪራይ ይናገራል፤ ሰው ደግሞ «ይሄ ሰውዬ ነገር አይለቅም» ይለዋል። ቀጥሎ መምጣት ይተዋል፣ ቀጥሎ ወርኃዊ መዋጮውን ያቆማል። ኮሚቴው መዋጮ የማይከፍሉ ሰዎችን ስም ሲለጥፍ ያን ሰው ከአናት ታገኙታላችሁ። ይህ ነው እንግዲህ የተጠበቀልን ሰላም።

ከሁሉ የባሰው የፊርማው ነገር ነው። ስብሰባ ሲጀመር አንድ ወረቀት ይዞራል፤ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። መገኘትን ለማሳየት ነው። ወረቀቱ አናት ላይ ብዙ ጊዜ ምንም አልተጻፈበትም፤ ቀኑ እንኳ የማይኖርበት ጊዜ አለ። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ቤቱ ሄዶ ሲያዘጋጅ ያው ወረቀት ከጀርባው ይያያዛል። አንብቦ ለሚያምን ሰው፣ ለወረዳው፣ ለባንኩ ወይም ለተከራዩ ድርጅት፣ 47 ሰው በውሳኔው ላይ የፈረመ ይመስላል። ለእግሩ መምጣት የፈረመ ሰው ለውሳኔው እንደፈረመ ይቆጠራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የጽሑፍ ውልን በፈረሙት ሰዎች መካከል ሙሉ ማስረጃ አድርጎ የሚቀበል ነው፤ በዚህ አገር ፊርማ ቀልድ እንዳልሆነ ሰው በደሙ ያውቀዋል። ስለዚህ የጎበዙ ጎበዝ ሌላ ዘዴ አገኘ፦ አርፍዶ መጥቶ ሳይፈርም ከበሩ አጠገብ ይቆማል። ሰብሳቢዎች በዚህ ያማርራሉ፤ ሕዝቡ ለጋራ ጉዳይ ግድ የለውም ይላሉ። ግድስ አለው። ፊርማው የት እንደሚደርስ ስላላወቀ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የመገኘት ፊርማ አናቱ ላይ «ለመገኘት ብቻ» ከነቀኑ ይጻፍበት፤ ውሳኔው ደግሞ በራሱ ገጽ፣ በራሱ ቁጥር ይቁም።

ተቃውሞን መዝግቦ መያዝ «ባህላችን አይደለም» የሚለውን ክርክር ስሰማ እገረማለሁ። የትኛው ባህላችን? በዚህ አገር በላ ልበልሃ የሚባል ሙግት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በማር፣ በፈረስ ወይም በበቅሎ እየተወራረዱ፣ በአደባባይ ይሟገቱ ነበር። መንገደኛ ሳይቀር ለዳኝነት ይሰየም ነበር። እማኝ ይቆጠራል፣ ዋስ ይጠራል፤ ማን ምን እንዳለ ሰሚው ሁሉ ያውቃል። ሽምግልናም ቢሆን በመጀመሪያ የሚያደርገው ሁለቱንም ወገን ማስነገር ነው። አንዱን አፉን ይዞ «ታርቀናል» የሚል ሽማግሌ በየትም አገር ሽማግሌ አይባልም። ጠብን መሸፋፈን ባህላችን ነው የሚለው አባባል የአባቶቻችንን አደባባይ አያውቀውም። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት የሚጠቅሱልን ደግሞ አሉ። ዝምታው የራስ ሲሆን እሺ፤ የሌላውን ሰው ዝምታ ግን እሺታ ነው ብሎ በማኅተም ማጽናት ሌላ ነገር ነው።

ሩቅም መሄድ አያስፈልግም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ሲያጸድቅ የማታው ዜና ምን ይላል? በዚህን ያህል ተቃውሞ፣ በዚህን ያህል ድምፀ ተአቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ ይላል። በ2002ቱ ምርጫ ከ547ቱ መቀመጫ የተቃዋሚዎቹ ጥምረት መድረክ ያገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ የአቶ ግርማ ሰይፉ። በእነዚያ አምስት ዓመታት «በአንድ ተቃውሞ» የሚለው ቃል በዜና ላይ የተለመደ ነበር። ያ አንድ እጅ ያስቆመው አዋጅ የለም። ቢሆንም ተቆጠረ፣ ተነገረ፣ ተጻፈ። ያን ምክር ቤት በብዙ ነገር ልንተቸው እንችላለን፣ እኔም እተቸዋለሁ፤ ነገር ግን አንዱን ተቃዋሚ ከ546ቱ ጋር ደምሮ «በሙሉ ድምፅ» አላለም። የብሎክ 14 ኮሚቴ ከፓርላማ የበለጠ የሚጠብቀው ምሥጢር ምን ይሆን?

የተማሩት ደግሞ ሌላ መከራከሪያ ያመጣሉ፤ በተለይ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ኖረው፣ እዚያ በቤት ባለቤቶች ማኅበር ሥር ቤት ገዝተው የሚያውቁ ወገኖቻችን። «አሜሪካ ውስጥ ቃለ ጉባኤ የተደረገውን እንጂ የተባለውን አይጽፍም» ይሉናል። ልክ ናቸው። ደንቡ የሄንሪ ማርቲን ሮበርት ነው፤ የጦር መሐንዲስ የነበረ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ እንዲመራ ተጠይቆ ስብሰባው ከእጁ ያመለጠበት፣ በዚያ ተነሳስቶም በ1876 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የስብሰባ ሥርዓት መጽሐፍ ያሳተመ ሰው። ግን የመጽሐፉን ግማሽ ብቻ ነው የሚያነቡልን። በዚያው ሥርዓት አንድ አባል፣ አንድ ብቻ፣ በድምፅ የተሰጠው ወይም በእጅ የወጣው ውጤት አጠራጥሮኛል ካለ ሰው ብድግ ብሎ ድጋሚ እንዲታይ የማድረግ መብት አለው። ድምፁ እንዲቆጠር ጉባኤው ካዘዘ የሁለቱም ወገን ቁጥር መዝገብ ላይ ይሰፍራል። «ሥርዓት ተጥሷል» ብሎ የተነሳ ሰው ካለ ያነሳው ነጥብና ሰብሳቢው ከነምክንያቱ የሰጠው ውሳኔ ይጻፋል። ተቃውሞ ማንሳት፣ ድምፅ ማስቆጠር፣ ብይን መስጠት ንግግር አይደሉም፤ ስብሰባው ያደረጋቸው ድርጊቶች ናቸው። «የተባለውን አትጻፉ» የሚለው ደንብ እከሌ እከሌን ምን ብሎ እንደሰደበ ከመዝገብ ለማስቀረት ነው፤ በዚህማ እኔም እስማማለሁ። ስድቡ ይቅር። ቁጥሩ ይኑር።

አሁን ወደ ሥራው። ድምፅ አከራከረ ሲባል ክርክሩ ከመቆጠሩ በፊት የጀመረ ነው፦ የማን እጅ ይቆጠራል? ይህን እጅ ከወጣ በኋላ መጠየቅ ጠብ መፈለግ ነው፤ በዚያን ሰዓት እያንዳንዱ መልስ አንዱን ወገን ይጥላል። ስብሰባው ሲከፈት፣ ገና ማንም በምን እንደሚሸነፍ ሳያውቅ፣ ደንቡ ይነበብ። ለአንድ ቤት ስንት ድምፅ ነው? ተከራይ ይናገራል ወይስ ድምፅም ይሰጣል? ውክልና በምን ይታያል? ባሕር ማዶ ያለ ባለቤት ብዙ ነው፤ ዱባይና ቤይሩት ሠርታ የቤቱን ክፍያ የምትልክ ልጅ እናቷን ወክላ ብትልክ እናትየዋን ከበር መመለስ ግፍ ነው። ግን የእናትየዋን ቃል ብቻ ይዞ ድምፅ መቁጠርም ለሌላው በር መክፈት ነው። ከውልና ማስረጃ የመጣ ውክልና ካለ ይታይ፤ ከሌለም የማኅበሩ ደንብ በምን ዓይነት ወረቀት እንደሚረካ አስቀድሞ ይታወቅ። ከዚያ በየቤቱ አንድ ካርድ ይታደል። ካርድ ለመቁጠር ከእጅ ይቀላል፤ ባልና ሚስትም ሁለት ካርድ አይኖራቸውም።

ቆጠራው ካከራከረ ይደገማል፤ ሁለት ሰው፣ ከደጋፊና ከተቃዋሚ አንድ አንድ፣ ቆመው ይቆጥራሉ። ሠላሳ ደቂቃ ይፈጃል እንበል። የአምስት ዓመት ኪራይ ሠላሳ ደቂቃ አይገባውም? ድምፅ እኩል ለእኩል ሲሆን ሰብሳቢው ያለበት ወገን ያልፋል የሚል ደንብ ያላቸው ማኅበሮች አሉ። በእነዚህ ማኅበሮች ቁጥር ሳይጻፍ ሲቀር ውሳኔውን ያሳለፈው ሕዝቡ ይሁን ሰብሳቢው ማንም ሊያውቅ አይችልም። ለሰብሳቢው ራሱ ይህ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የሚያየው ሥልጣን ከለቀቀ በኋላ ነው።

ስለ «ልዩ ልዩ» ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የአጀንዳው መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ይህ ተራ ቁጥር የብዙ ግቢ ሀብት የሄደበት ነው። ሰው ሄዶ ሄዶ 15 ሲቀር «በልዩ ልዩ ላይ አንዲት ነገር ነበረች» ይባላል። አንዲቷ ነገር የመኪና ማቆሚያው ናት። በልዩ ልዩ መረጃ ይነገርበት፣ ጥያቄ ይነሳበት፤ ገንዘብና የጋራ ንብረት የሚነካ ውሳኔ አይወሰንበት። ይህን የሚከለክል አንድ መስመር በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ቢጨመር ከአከራካሪ ድምፆች ብዙዎቹ ሳይወለዱ ይቀራሉ።

ድጋሚ መቁጠርና ውጤት መሰረዝ ማኅበርን ያፈርሳል የሚሉ ሰዎች ቤታቸውን እንዴት እንዳገኙ ያስታውሱ። በሐምሌ 2014 የወጣው የ20/80 14ኛ ዙር እና የ40/60 3ኛ ዙር ዕጣ በአደባባይ፣ በቴሌቪዥን እየታየ ነው የወጣው። በቀናት ውስጥ ለዕጣው የገባው መረጃና የቆጣቢዎቹ መረጃ እንደማይገጥም ታወቀ፤ ዕጣው ተሰረዘ፤ በ2015 ኅዳር እንደገና ወጣ። «ወጥቶልኛል» ብሎ እልል ያለ ሰው አለቀሰ፤ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ «ለሰላም ሲባል እንለፈው» ያለ ቆጣቢ አላየሁም። ሁሉም መዝገቡ ይመርመር ነው ያለው። ያን የጠየቀ ሰው ቁልፉን ከተቀበለ በኋላ የግቢውን መዝገብ መመርመር ነገር ፍለጋ የሚሆንበት ለምንድን ነው?

ቃለ ጉባኤው ከተጻፈ በኋላም ክርክር ይነሳል፤ ያለ ነው። የተለመደው መፍትሔ ቅሬታ ያለው ሰው ማታ ጸሐፊውን ቤቱ ሄዶ እንዲያናግር ነው፤ ቡና ይፈላል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይለወጣል፣ ገጹ ተቀይሮ እንደገና ይታተማል። ይህ ሰው ቅን ይሁን ጉልበተኛ ልዩነት የለውም፤ መዝገቡ በር ለሚያንኳኳ ሁሉ የሚለወጥ ሆኗል። ረቂቁ ስብሰባው በተደረገ ሳምንት ይለጠፍ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ መክፈቻ ይነበብ፤ እርማት ያለው እዚያው ይናገር፤ እርማቱም ያከራከረ እንደሆነ በእርማቱ ላይ ድምፅ ይሰጥ። የድሮው ጽሑፍ አይፋቅም፤ እርማቱ ከሥሩ ይጻፋል። ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ ውሳኔውን መደገፍ አይደለም፤ «አዎ፣ የሆነው ይህ ነው» ማለት ብቻ ነው። ይህን ሰው ቢረዳ የተሸነፈ ሰው ራሱ ያለ ምሬት እጁን ያወጣ ነበር። «አንተ ያን ቀን አልነበርክም፣ ምን አገባህ» የሚለውም አያስኬድም። ያልነበረ ባለቤት ውሳኔው ይነካዋል፤ የስብሰባው ቪዲዮ ካለ ይይ፣ የቁጥር ወረቀትም ያገላብጥ፣ ስህተት ካገኘ የመናገር መብት አለው።

የመጨረሻው ክርክራቸው በጣም ሰው የሚሰማው ነው፦ ሁሉ ነገር የሚጻፍ ከሆነ ኮሚቴ ማን ይገባል? ስም እየተጠራ፣ እገሌ ደገፈ እገሌ ተቃወመ እየተባለ ማን ይደፍራል? እኔ ግን ኮሚቴ ውስጥ ያለ ሰው ከማንም በላይ የሚጠቀምበት ይመስለኛል። ከአምስት የኮሚቴ አባላት ሁለቱ «ይህን ውል አትፈርሙ፣ ጠቅላላ ጉባኤው አያውቀውም» ብለው ይሆናል። ጸሐፊው «እኛ እኛው ነን፣ አንለያይ» ብሎ በስምምነት አለፈ ብሎ ጽፎታል። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ ኮሚቴ ይመረጣል፣ ሒሳብ ይመረመራል፣ ውሉ ጉድለት ይገኝበታል። አምስቱም በአንድ መዝገብ ይጠራሉ። ሁለቱ «እኛኮ ተቃውመን ነበር» ይላሉ። መርማሪው ገጹን ገልጦ ያሳያቸዋል፤ የራሳቸው ፊርማ ነው። በዚያን ቀን ሦስቱ ወዳጆቻቸው «አዎ፣ ተቃውመው ነበር» ብለው ይመሰክሩላቸው እንደሆነ እንጃ፤ ተቃውሟቸውን ከመዝገብ ያስቀሩት እነዚያው ናቸውና።